የሰባተኛው ጉድጓድ ሁለት ብልቃጦች

ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ሰዓቱን የጻፍኩት በሩን ከመክፈቴ በፊት ነው። በጡረታ ላይ ያለን ሰው በዚያ ሰዓት የሚያንኳኳ ወይ ቤት ተሳስቷል፣ ወይ አንድ ነገር ሊያስፈርም መጥቷል። የመጣው የሚያስፈርም ሆነ። ዕቃ አድራሹ በስልኩ መስታወት ላይ በጣቴ አስፈርሞኝ አንዲት ካርቶን አስረከበኝ። የላኪዋ ስም ሊስቤት ይላል።

ሊስቤት የቀድሞ አሠሪዬ የሚስተር ሩሎፍ ልጅ ናት። ሩሎፍ የሆላንድ ተወላጅ ሲሆን በአትላንታ ዙሪያ መሬት እየገዛ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ የሪል እስቴት አልሚ ነበር። ባለፈው ጥር አርፏል። እኔ በእሱ ዘንድ ሃያ ሁለት ዓመት በግንባታ ተቆጣጣሪነት አገልግያለሁ።

ካርቶኗን ወዲያው አልከፈትኳትም። እንደኔ ያለ ሰው የታሸገ ነገር ሲደርሰው አስቀድሞ የሚመረምረው እሽጉን ነው። ቴፑ ሁለት ጊዜ ተለጥፏል፤ የታችኛው አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፣ የላይኛው አዲስ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ካሸጋት በኋላ ሌላ ሰው ከፍቷታል፣ ወይም ያው ሰው ሐሳቡን ቀይሯል። ይህንንም መዘገብኩ። ከዚያ በቢላ ቀደድኩት።

በውስጧ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት የብርጭቆ ብልቃጦች ነበሩ። ሁለቱም አፈር ይዘዋል፤ ሁለቱም ላይ 7፣ ስድስት ጫማ ይላል፤ የሙከራ ጉድጓድ ቁጥርና ጥልቀት ነው። የአንዱ አፈር ቀይ፣ የሌላው ጥቁር ነው። ተቀመጥኩ። አንድ ጉድጓድ ሁለት ዓይነት አፈር በአንድ ጥልቀት ሊሰጥ አይችልም። እኔ ደግሞ ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል፣ ስለዚያ ጉድጓድ በተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት፣ ያስተማሩኝን ሰው ዓይን ማየት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲገባ ሰውየውን ማሳወቅ አለብኝ። ሩሎፍ የተወለደው ከባሕር ወለል በታች በሚገኝ መንደር ነው። አባቱ ውሃ የሚያግደውን ግድብ እየዞረ የሚጠብቅ ሠራተኛ እንደነበር ነግሮኛል። ልጅየው በሃያ ስድስት ዓመቱ ወደዚህ መጥቶ፣ ማንም ያልፈለገው ገደል ላይ ሦስት ቤቶች በመሥራት ጀመረ። እኔ ስቀጠር ከዱሉዝ እስከ ኢስት ፖይንት ድረስ ዘጠኝ ሳይቶች ነበሩት። ሌሎች አልሚዎች ካርታ ዘርግተው ሲነጋገሩ እሱ ካርታውን በክርኑ ወደ ጎን ይገፋና፣ «ይህንን የሠራው ሰው የወጣው በፀሐይ ቀን ነው» ይላል። መሬትን በሦስት ዝናብ ሳያየው ገዝቶ አያውቅም። ሰማዩ ሲጠቁር ሌላው ወደ ቤቱ ሲገባ እሱ ቦት ጫማውን ያጠልቃል። ጃንጥላ አይዝም። የሚይዘው አንድ የብረት ዘንግ ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ እጀታው እንደ ከዘራ የታጠፈ። በየአምስት እርምጃው ይወጋል፤ ወግቶም አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ያልተነካ ሸክላ ዘንጉን ይመልሰዋል። ቋጥኝ ይጮኻል። የተደለደለ ልቅ አፈር ግን ዘንጉን እንደ ትኩስ ዳቦ ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኝ ፊቱ ይጨልምና ሳይናገር ይመለሳል።

ከየሙከራ ጉድጓዱ የወጣውን አፈር በብልቃጥ ያስቀምጥ ነበር። የቢሮው አንድ ግድግዳ በሙሉ ብልቃጥ ነው። በእያንዳንዱ ላይ አስቀድሞ ቀኑ፣ ቀጥሎ የአየሩ ሁኔታ፣ ቀጥሎ የጉድጓዱ ቁጥርና ጥልቀት፣ በመጨረሻም በቦታው ተገኝቶ ያየው ሰው ፊርማ ይሰፍራል። ቀን የሌለበት ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ቢያገኝ አውጥቶ ይደፋዋል። «ቀን የሌለው አፈር አፈር ብቻ ነው» ይል ነበር።

እኔን የቀጠረኝም በአፈር ነው። በዲቪ ከመጣሁ በኋላ ሦስት ዓመት በኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል ኖሬያለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሆላንዱ ሰው ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ዲግሪዬን አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ሄድኩ። ወረቀቱን አላነበበውም። እርጥብ አፈር መዳፌ ላይ አስቀመጠና፣ «ምን ይልሃል?» አለኝ። ጠረጴዛው መስታወት ነበር፤ አፈሩን በላዩ ላይ በመዳፌ እያንከባለልኩ እንደ ጧፍ ክር እስኪቀጥን ድረስ አሾርኩት። ሊበጣጠስ ሲጀምር አቆምኩና ውፍረቱን በዓይኔ ለካሁ።

«ማን ነው ይህን ያስተማረህ?» አለኝ።

«በዩኒቨርሲቲ የአፈር ላቦራቶሪያችን ኃላፊ የነበሩ ሰው። ጋሽ መኮንን ይባላሉ።»

«የት ናቸው?»

«እዚሁ አትላንታ። የመቆፈሪያ ማሽን ገዝተው ይሠራሉ።»

ጋሽ መኮንን ከእኔ አስቀድመው በስደተኛነት የመጡ ናቸው። እንዲህ አድርጌ ወደ ሩሎፍ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሙከራ ጉድጓዶቹን የሚቆፍሩት እሳቸው፣ ቆሜ የማየው እኔ ሆንን። ብዙ ሳይት አብረን ሠርተናል። አሁን ያ ሥራ በሽቦ አልባ መሣሪያና በመኪና በሚጎተት ራዳር ሆኗል ይሉኛል፤ ወጣቶቹ ከመኪናቸው ሳይወርዱ የከርሰ ምድሩን ሥዕል ያያሉ። ሥዕሉን ማን እንዳየላቸው ግን አልጠየቅኩም።

ውድቀቴ የደረሰው ከአቮንዴል እስቴትስ ሰፈር ጀርባ ባለ ተዳፋት ላይ ነው። አሥር የሙከራ ጉድጓዶች ታዘዙ። ስድስቱ ሲቆፈሩ ቆሜ አየሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ሰባተኛው ቦታ ላይ የምልክት ባንዲራዬን ተክዬ ስቆም ጋሽ መኮንን ከማሽናቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

«አስፋው! አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጉድጓዱን ለማየት ነው፣ ጋሼ። ደንቡ ስለሆነ…»

«ደንቡን ለማን ነው የምትነግረው? አፈር መዳፍህ ላይ ያስያዘህ ማን ሆነና?» ሳቁ። «ሂድ ቢሮህ ግባ፤ ያ ጫማ ለቢሮ ነው የተገዛው። ብልቃጦቹን ከሰዓት በኋላ ይዤልህ እመጣለሁ። ነው ወይስ እኔንም ቼክ ልታደርግ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ማለትዎ ነው» አልኩና ሄድኩ።

ሰው ሁሉ ተጠራጣሪ ይለኛል፤ ትክክል ነው። በዚያ ጠዋት ግን ይሉኝታ ከጥርጣሬዬ በለጠ። ያስተማሩኝን ሰው፣ በአገር ልጅ ማሽን ፊት ቆሜ፣ «አሳዩኝ» ማለት ስድብ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ አራት ብልቃጦች አመጡ፤ አራቱም ቀይ ሸክላ። በአራቱም ላይ «በቦታው ተገኝቼ አይቻለሁ» ከሚለው መስመር ግርጌ ፈረምኩ።

ቤቶቹ ተሠሩ። በሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ያረፈውን ቤት ወይዘሮ አልማዝ ገዛች። በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ የእድራችን አባል ናት። በሦስተኛው ዓመት ደወለችልኝ።

«ጋሽ አስፋው፣ አይሳቁብኝና ሽንኩርት ወድቆብኝ ብቻውን እስከ በሩ ድረስ ተንከባለለ። ድስቱም ምድጃው ላይ አልቀመጥ ብሏል። ቤቴ ዳገት ሆነ እንዴ?»

አልሳቅሁም። ወለሉ ላይ ውሃ ልክ ሳስቀምጥ አረፋዋ ወደ አንድ ጥግ ሸሸች። የኩሽናው መሠረት ሲቆፈር የበሰበሰ የዛፍ ጉቶ፣ ሳንቃ፣ ሰማያዊ ቀለም የነበረባቸው የዛጉ ቆርቆሮዎች ወጡ። ከእኛ በፊት መሬቱን የያዘ አንድ ሰው ፍርስራሹን ቀብሮ አፈር አልብሶት ኖሯል። ወይዘሮ አልማዝ ከልጆቿ ጋር አሥራ አንድ ወር በዘመድ ቤት ቆየች።

ሩሎፍ የሰባተኛውን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረደ። ፊርማዬን አነበበ።

«አይተሃል?» አለኝ።

«አላየሁም።»

ብልቃጡን ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ መልሶ አስቀመጠው። «ሌላ ጊዜ ጫማህ ይርጠብ» ብቻ አለ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ዝናብ ስላስመታ ፎርማን ያባረረ ሰው እኔን አላባረረኝም። ኩሽናውንም ያለ ክርክር አፍርሶ፣ መሬቱን ሞልቶና ጠቅጥቆ ሠራው። ያን ጊዜ ይህን ደግነት አልኩት።

ጋሽ መኮንን ተጠርተው መጡ። «የቆፈርኩት ቀይ ነው» አሉና ወጡ። እኔም አልተከተልኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው እድራችን አዳራሽ ሊሠራ የተነሳው። ቁፋሮውን ለጋሽ መኮንን እንስጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሊቀመንበሩ፣ «አንተ አብረሃቸው ስለሠራህ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰማንያ ያህል ሰው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እኔም፣ «ጉድጓዳቸውን አላየሁም» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ቃሉ በትክክል እውነት ነበር። ሥራው ለሌላ ተሰጠ፤ ወሬው ከአዳራሹ ቀድሞ ወጣ። በዓመቱ ጋሽ መኮንን ማሽናቸውን ሸጡ። ከእድሩም ቀሩ።

ወደ ብልቃጦቹ ልመለስ። ቀዩ ላይ ቀኑ አለ፣ ጥልቀቱ አለ፣ ፊርማዬም አለ። ጥቁሩ ላይ በሩሎፍ የእጅ ጽሑፍ «ዝናብ፣ 7፣ ስድስት ጫማ» ይላል። ቀን የለውም። ምስክርም የለውም። ጥቂቱን ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሼ በማጉያ መነጽር አየሁት፤ የበሰበሰ እንጨት፣ በመካከሉም የጤፍ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ የቀለም ቅርፊት። አፈሩ የወጣው ከዚያው ቦታ ነው። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው። ኩሽናው ፈርሶ ሲቆፈር ለማስታወሻ ያነሳው ከሆነ ነገሩ ያበቃል። መሬቱን ከመግዛቱ በፊት፣ በሦስተኛው ዝናብ፣ በዘንጉ አግኝቶት፣ ቆፍሮም አውጥቶት ቁጥሩን ኋላ ጽፎበት ከሆነ ግን እያወቀ ሠርቶበታል፤ ደግነት ያልኩትም ዝምታ ሌላ ስም ይኖረዋል። የመስክ ደብተሮቼን አወጣሁ። ኩሽናው የተቆፈረው በሦስት ቀን ነው። ሁለቱን ቀናት «ደረቅ» ብዬ ጽፌያለሁ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄጄ ስለነበር ገጹ ባዶ ነው፤ ዘንቦ እንደሆነ አላውቅም።

ሊስቤት ዘንድ ደወልኩ።

«አባቴ ከማረፉ በፊት ሁለቱን ለብቻቸው አሽጎ፣ ‘ለአስፋው ነው፣ እሱ ይገባዋል’ ብሎኛል» አለች።

«ካርቶኑን ከፍተሽዋል?»

«እንዳይሰበሩ ጋዜጣ ለመጨመር ብቻ።»

እንዲገባኝ የፈለገ ሰው ቀን ይጽፍ ነበር። ወይም ቀኑን የጻፈበት ወረቀት ጋዜጣ ሲጨመር ተነሥቷል። ልጅቷን አልወነጀልኩም፤ መዝግቤዋለሁ።

በሳምንቱ ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ዱሉዝ ነዳሁ። ጋሽ መኮንን እዚያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። መስኮት አጠገብ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው አገኘኋቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በእጃቸው አገዱኝ።

«ተቀመጥ። ትራፊክ እንዴት ነው?» አሉ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል።

ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቀዩን ብቻ አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት።

«ይህ የእኔ ነው።»

«የት ቆፍረው ያወጡት ነው፣ ጋሼ?»

ብልቃጡን መልሰው አስቀመጡት። «ስንት ዓመት ሆነው?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ሳትጠይቀኝ አመንከኝ፤ ሳትጠይቀኝ ከሰስከኝ። አሁን እግሬ ሲሰንፍ ልትጠይቀኝ መጣህ?»

ጥቁሩን ብልቃጥ ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«አንተ ከሄድክ በኋላ ሰውየው መጣ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሆላንዱ። ካፊያው በርትቶ ነበር። ‘እዚህ ማሽንህ ይሰምጣል፣ ወደ ላይ ውጣ’ አለኝ። አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል አስወጣኝ። በጃንጥላው ጫፍ ‘እዚህ’ ብሎ ምልክት አደረገልኝ። እዚያ ቆፈርኩ፤ ቀይ ወጣ። ቀይ አመጣሁልህ።»

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? ዳቦዬን ከሚሰጠኝ ሰው ጋር ልከራከር? ወይስ ጉድጓዴን አላየሁም ብሎ ሰማንያ ሰው ፊት ለቆመ ተማሪዬ? አንተ እንደሆንክ ፊርማህን ደብቀህ ነው የቆምከው።» በጣታቸው ብልቃጡን ነካ አደረጉ። «ይኸው። አይቻለሁ ይላል። ለእነሱ ነገርካቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«በል ሂድ፤ ንገራቸው። ይቅርታህን ግን እቤቴ አታምጣብኝ። ስሜን የጣልክበት ቦታ ሄደህ አንሣው።»

ተነሥቼ ስወጣ አንዲት ነገር በልቤ ተሰነቀረች፤ ብደብቃት ይህ ጽሑፍ ሐሰት ይሆናል። ጃንጥላ አሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሩሎፍ ጃንጥላ ይዞ አይቼው አላውቅም። እርግጥ ዘንጉ ጥቁርና ቀጭን ነው፤ እጀታውም ይታጠፋል። የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ትዝታ ዘንግን ጃንጥላ ሊያደርገው ይችላል። ያልነበረን ሰው እንደነበረ ሊያደርገውም ይችላል።

አንድ መፈተሻ ቀርቶኝ ነበር። የተቆፈረ መሬት ተመልሶ ቢሞላም በማሽን ካልተጠቀጠቀ እንደ ቀድሞው አይጠብቅም። ሩሎፍ በጡረታዬ ቀን እንደ ራሱ ያለ ዘንግ ሰጥቶኛል። ዝናብ ጠበቅሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዘነበ፤ ቦት ጫማዬን አድርጌ ወይዘሮ አልማዝ ቤት ሄድኩ። ከኩሽናው ጥግ ወደ ዳገቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ለካሁ። ዘንጉን ብወጋው ጥልቅ ብሎ ገባ። ለማነጻጸር ወደ ግራ ወጋሁ፤ ገባ። ወደ ቀኝም ገባ።

ወይዘሮ አልማዝ በረንዳው ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጋሽ አስፋው፣ ጎመኔን ምን አደረገዎት?»

«ይህ ቦታ ተቆፍሮ ነበር?»

«በየዓመቱ ነዋ! እኔ ነኝ የምቆፍረው፤ ባለፈው ፎል፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ ደግሞ አፈር አስመጥቼ ሚክስ አስደርጌዋለሁ። ጎመን በምን ይበቅላል ታዲያ?» ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ቆይ፣ ቤቴ እንደገና ፕሮብሌም አለበት እንዴ?»

በኩሽናው ዙሪያ በየአምስት እርምጃው ወጋሁ። ሁሉም ዘንጉን መለሰልኝ። «ቤትሽ ደህና ነው» አልኳት። «ቤትሽ ቀድሞ ያዘመመው እኔ ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ስለፈረምኩ ነው።»

ዝናቡ በመካከላችን ይወርድ ነበር። «ይህን ዛሬ ነው የሚነግሩኝ?» አለች። በሩን ከፍታ ይግቡ አላለችኝም፤ ጎመን ግን ቆርጣ በፌስታል ሰጠችኝ። ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ተራ፣ እጄን አወጣሁ። ቀዩን ብልቃጥ ይዤ ቆምኩ። «ከዓመታት በፊት እዚህ ቆሜ የጋሽ መኮንንን ጉድጓድ አላየሁም ብያለሁ። እውነት ነው። ያልነገርኳችሁ፣ አይቻለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔው መሆኔን ነው። ይኸው ፊርማዬ። እሳቸው ተሳስተው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን አጥፍቻለሁ።» ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እኒህ ሁሉን ሰው ሲመረምሩ የኖሩ ራሳቸውን ረስተው ነው?» አለ፤ ጥቂቶች ሳቁ። አልከፋኝም። ሊቀመንበሩ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አደረጉ፤ መያዙን ቆሜ አነበብኩ።

በማግስቱ ጋሽ መኮንን ራሳቸው ደወሉ።

«ሰማሁ» አሉ። «ብልቃጡ የት ነው?»

«እኔ ዘንድ ነው፣ ጋሼ።»

«ቀዩን ላክልኝ። የእኔ ነው።»

ላክሁላቸው። ከማሸጌ በፊት ግን አንድ ማንኪያ አፈር ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ ቀኑንም ጽፌበታለሁ።

ሳይፈታ የቀረው ይህ ነው፦ ጥቁሩ ብልቃጥ መቼ እንደተሞላ አላወቅኩም። በዚያ ጠዋት ሩሎፍ ወደ ሰባተኛው ጉድጓድ መጥቶ እንደሆነም አላወቅኩም።